ልጄን ቆጋ የላክኋት ሐሙስ

ልጄ ሰብለ ይህን ነገር እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «አባባ፣ ሰው ይስቅብናል» ነው ያለችው። በእኔ ላይ እንደሆነ ሰው ሲስቅ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አዲስ አይሆንብኝም። ደግሞ በዚህ ዕድሜ አንድ ነገር አታድርግ ከተባልሁ፣ ያላሰብሁትን እንኳ ላደርገው ሆዴ ይነሣሣል። ስለዚህ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደ ነበርሁ ልንገራችሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሚስቴን ከቀበርሁ ስድስት ዓመት የሆነኝ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ከልጄና ከባሏ ከደረጀ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ከፀጉሬ የተረፈው ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ብቻ ነው። እሱንም በየሳምንቱ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄጄ አስከረክመዋለሁ፤ ሰውየውም ከሚቆርጠው የሚያወራው ይበልጣል።

በሥራዬ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አለማወቄ ነው። ፖስት ካርድ እንኳ፣ ያ ያለ ፖስታ ተራቁቶ የሚመጣው፣ እጄ ሲገባ መልእክቱ የተጻፈበትን ግራ ጎኑን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አድራሻውን ብቻ አነብብ ነበር። ሌላም ደንብ ነበረን፤ ባለቤቱ ያልተገኘ ደብዳቤ አይጣልም፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህችን ሁለተኛዋን ደንብ ያዙልኝ። ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

ሰብለ አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለእኔ ሰጠችኝ። «ሁሉም ተስተካክሏል አባባ፤ ምንም እንዳይነኩ» አለችኝ። አልነካሁም። ማወቅ የምፈልገውን እጽፋለሁ፣ ገጹ ይከፈታል፣ አነብባለሁ። ሳነብብ ውዬ ግን አልዘጋውም። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣላ! እንዲህ እያልሁ ስድሳ ሦስት ገጽ ከፍቼ ደረደርሁ። ራሰ በራ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት አለ ወይ? ጉማሬ በየብስ ላይ ሰው ያሳድዳል ወይ? ሰባ አንድ ዓመት ሽምግልና ነው ወይስ ጉልምስና? ለመጨረሻው እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም።

ከእነዚህ መሀል አምስት ስድስቱ የእኔ አልነበሩም። የአንጓች ነበሩ።

አንጓች የሟች ባለቤቴ ወዳጅ ናት። ቁንዝላ ትኖራለች፤ በጀልባ እየመጣች ለምግብ ቤቶች ዓሣ ታስረክባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዋን ስትጨርስ የሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሰው እናማለን። አንድ ቅዳሜ ሐሜቷን መሀል ላይ ቆረጠችና፣

«አያ ምትኩ፣ በዚያ ስልክህ አንድ ነገር ፈልግልኝ። ብብቴ ሥር እብጠት ወጥቶብኛል» አለች።

«ለሐኪም አሳየሽው?»

«አሳየሁ። ቆርጠው ወስደዋል፤ ናሙና ነው የሚሉት። ውጤቱ የሚመጣው ሳምንት አልፎ በሌላው ሐሙስ ነው። ለልጄ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ላንተ ብቻ።»

«ለምን ለእኔ?»

«የሰው ደብዳቤ ከፍቶ አያውቅም ይሉሃላ።»

ወንድ ልጇን ልትድር ነበር። የሙሽራዪቱ ወገኖች ሰባት ቤት ዘር ቆጥረው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው በቤቱ ደዌ እንዳለና እንደሌለ ማጠያየቅ ነው። እንኳን በሽታው፣ ወሬው ብቻ ሠርጉን ያስቀረዋል። «ውጤቱን እስክሰማ፣ ከሰማሁም በኋላ በገዛ አፌ እስክናገር፣ ከዚህ ድንጋይ አይለፍ» አለችኝ። ማልሁላት። ሐሙስ አራት ሰዓት አብሬያት ልገባም ቃል ሰጠሁ፤ ብቻዬን አልሰማውም ብላ ነበርና። ከዚያም እብጠት መቼ ነው ክፉ የሚባለው፣ የናሙና ውጤት እንዴት ይነበባል፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ይበላል እያልሁ ስልኬ ላይ ጻፍሁ። አነበብሁላት። ገጾቹንም እንደ ደንቤ ደረደርኋቸው።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ውጤቱ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከእግር ጉዞዬ ስመለስ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ሰብለ ዐይኗ ቀልቷል። ደረጀ ወረቀት ይዟል። መሀላቸው ቄስ ላቀው አሉ፤ የንስሐ አባቴ ናቸው። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ «ልጄ» የሚሉኝ ግን እሳቸው ናቸው።

«ማን ሞተ?» አልሁ።

ሰብለ እሪ አለች።

ደረጀ መሐንዲስ ነው፤ ነገርን ሁሉ ተራ ቁጥር ካልሰጠው አይገባውም። ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። «አንድ፤ እብጠት መቼ ነው ክፉ የሚባለው። ሁለት፤ የናሙና ውጤት እንዴት ይነበባል። ሦስት፤ ራሰ በራ ላይ ፀጉር የሚያበቅል...»

ቄስ ላቀውን ሳል ያዛቸው።

«ሦስተኛውን እለፈው» አልሁት። «ይህን ከየት አመጣኸው?»

የመለሰችልኝ ሰብለ ናት። «አባባ፣ ስልኩ የተከፈተው በእኔ አካውንት ነው። እርስዎ እዚያ የሚከፍቱት ሁሉ እኔ ኮምፒውተር ላይ ይመጣል፤ ሲንክ ይሉታል። አልሰለልሁም! ሥራ ቦታ የራሴን ገጽ ስፈልግ የእርስዎ ከሥሩ ተደርድሮ አገኘሁት።»

«መቼ?»

«ዘጠኝ ቀን ሆነ።»

«ዘጠኙንም ቀን አነበብሽ?»

አንገቷን ደፋች።

ሱሪዬ ከኋላ ተቀድዶ ዘጠኝ ቀን ከተማውን ስዞር የከረምሁ መሰለኝ። የራሴስ ይሁን፤ ራሰ በራነቴን አገር ያየዋል። የአንጓች ግን? እኔ ከድንጋዩ እንዳይለፍ ማልሁላት፤ ስልኬ ደግሞ ምላሴ ሳይንቀሳቀስ ልጄ ቢሮ አድርሶታል።

በአንድ ቃል መገላገል እችል ነበር። «የእኔ አይደለም» ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን «ታዲያ የማን ነው?» ነው። ከማን ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምቀመጥ ሹም አቦ በሙሉ ያውቃል። እስኪመሽ ስሟን ያገኙታል፤ በማግስቱ ወሬው ጀልባ ይሳፈራል። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

«ታመው ነው አባባ?»

«አልናገርም።»

«ሊሞቱ ነው?»

«እሱማ ለማን ይቀራል!»

ቄስ ላቀው ጓሮ፣ ዘይቱኑ ዛፍ ሥር ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ንስሐ ይግቡ። የሕሙማን ቀንዲልም እናስደርግልዎ።»

«አባቴ፣ በንስሐ የሰሙትን ለሰው ይናገራሉ?»

«እግዚአብሔር ያውጣኝ! ያንን ካደረግሁ ክህነቴ ይፍረስ።»

«ልጅ እያለቀሰች ብትለምንዎትስ?»

«ብታለቅስም።»

«እኔ ክህነት የለኝም፤ ግን ያስያዙኝ ነገር አለ።»

ቆመው አዩኝ። ነገሩ ሲገባቸው ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጣ፤ ጺማቸውን ይዘው መለሱት። ማን ብለው አልጠየቁኝም። ገብተውም ለልጆቼ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ተዉዋቸው» አሉ።

ሰብለና ደረጀ ይህንን «ተስፋ የለውም» ብለው ተረጎሙት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ሟች ሆኜ ሰነበትሁ። አይግረማችሁ፣ ደስ የሚልም ነገር አለው። የዶሮ ሾርባ በየሰዓቱ ይመጣል። በአጥር ተጣልተን አሥር ዓመት የተዘጋጋን ጎረቤቴ መጥቶ እግሬ ሥር ወድቆ ይቅር በለኝ አለ። ይቅር አልሁት። አጥሩን የገፋሁት እኔ እንደ ነበርሁ ግን አልነገርሁትም። ሞት እንዲህ የሚያስከብር ከሆነ ቀደም ብዬ መጀመር ነበረብኝ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሰብለ አሁን ንባቧን በግልጽ አደረገችው። ረቡዕ ቁርስ ላይ ፈገግ ብላ፣ «ዛሬ ጠዋት እንደገና ስለ ጉማሬ አንብበዋል፤ ደኅና ነዎት ማለት ነው» አለችኝ። ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስሁት። ሰው ወደ ውስጥ የሚያስበውን ከውጭ ሆኖ የሚያነብለት ከመጣ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ቀረኝ? ደረጀ ደግሞ «ነገ ሦስት ሰዓት ጓደኛዬ ዶክተር ይጠብቀናል፤ ሦስታችንም እንሄዳለን» ብሎ ቆረጠ። ነገ ማለት ሐሙስ ነው። አራት ሰዓት ላይ አንጓች ሐኪም ቤት አብሬያት እንድገባ ትጠብቀኛለች።

ያን ጊዜ ውስጤ ያለው የፖስታ ቤት ሰውዬ ብድግ አለ። ደብዳቤ ሰውን ተከትሎ አይሄድም፤ የተጻፈበትን አድራሻ ተከትሎ ነው የሚሄደው። እነሱ የሚያዩት አድራሻ እኔ የምጽፈው ከሆነ፣ እንግዲያ አድራሻውን ልጻፈዋ!

ሐሙስ ማለዳ ኪዳን ላደርስ ብዬ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀምጬ ጸሎቴን አደረስሁ፤ ከዚያ ይቅር ይበለኝና ስልኬን አወጣሁ። «ከባሕር ዳር መራዊ የሚሄድ መኪና» ብዬ ጻፍሁ። ቀጥዬ «ቆጋ መስኖ» አልሁ፤ መራዊ አጠገብ ነው። ሐሰቴ እውነት እንዲመስል እኔን የሚመስል አንድ ጥያቄ ልጨምርበት ብዬ፣ በራሴ ብልጠት ፈገግ እያልሁ፣ «የቆጋ ግድብ ጥልቀት ስንት ነው» ብዬ ጨመርሁ። ስልኩን አጠፋሁና ወደ ሐይቁ ወረድሁ።

ጀልባው ዘገየ። ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበር፤ ማዕበሉ ደንገሉን እያጎነበሰ ያነሣዋል። ሦስት ሰዓት አለፈ። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ፣ ከሌባ የባሰ ሌባ መስዬ ቆምሁ። ለአራት ሰዓት ሩብ ሲቀረው አንጓች ነጠላዋ ርሶ ወረደች።

«ምነው እንደ ተባረረ ተማሪ ተደበቅህ?»

«ኋላ እነግርሻለሁ። እንሂድ።»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንጓች የቀኝ አውራ ጣቴን ጨምድዳ ይዛ አትለቀኝም።

«እማማ፣ ክፉው ዓይነት ነው» አለች ሐኪሟ። «ግን ትንሽ ነው፣ ቶሎ መጥተዋል፤ ሌላ ቦታ አልሄደም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና እንሠራለን።»

አንጓች አውራ ጣቴን ለቀቀችና በጣቶቿ ቀን ቆጠረች። «ልጄን በአሥረኛው ቀን እድራለሁ» አለች።

«በማግስቱ ይምጡ።»

«እስክስታ ብመታስ?»

«ማን ይከለክልዎታል!»

ውጭ ስንወጣ አየችኝ። «አያ ምትኩ፣ የታመምሁት እኔ፣ የገረጣኸው አንተ!»

«እኔማ ከሰኞ ጀምሮ እየሞትሁ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኋት፤ ስልኩ ያደረገብንንም አልደበቅሁም። ገጾቹ የማን እንደሆኑ እንዳላወቁ ስታረጋግጥ ሳቀች፤ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ልጅህ ታለቅሳለች። በቃ፣ የእኔ ነው በላት» አለች።

«ስለ ልጄ ለቅሶ ብለሽ አትናገሪም። በፈለግሽ ቀን፣ በፈለግሽው አፍ።»

ጀልባው ላይ አሳፍሬያት፣ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ። አሥር ሰዓት ገደማ አጥራችን በር ስደርስ የእድራችን ዳኛ ሁለት ሰው አስከትለው ቆመዋል። አጠገባቸው የተጠቀለለ ድንኳን አለ።

«ድንኳኑ ለማን ነው?» አልሁ።

ዳኛው ዞረው አዩኝ። ሦስት ጊዜ አማተቡ። «ለ... ለእርስዎ ነበር። ልጅዎና ባሏ ቆጋ ሄደዋል። ጠዋት ገጽዎ ላይ የግድቡን ጥልቀት እንደ ጠየቁ አይታ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታደርግ ነው የወጣችው።»

አንባቢዬ፣ ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ለሞት ቀርቧል የተባለ ሽማግሌ ስልኩን ከማጥፋቱ በፊት የውሃ ጥልቀት ይጠይቃል! አድራሻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ ያነበበችው መልእክት ግን እኔ ያልጻፍሁት ነው። ብልጥ ነኝ ባይ ሞኝ! ስልኩን ከፍቼ ደወልሁ፤ ደረጀ አነሣ። «አለሁ» አልሁት። «ሰብለ፣ አባባ ደኅና ናቸው!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገቡ። ሰብለ እስከ ጉልበቷ ቀይ ጭቃ ነው። ቦይ ለቦይ ሄዳ ድንች የሚቆፍሩትን ሁሉ «አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ አላያችሁም?» ስትል ውላለች።  ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ውሃውን ሳየው ዋልሁ» አለች። «ግንድ ሲንሳፈፍ ባየሁ ቁጥር እርስዎ መሰሉኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥሁ። «ይቅርታ ልጄ። ለጥልቀቱ ይቅርታ። ላልተናገርሁት ግን አልጠይቅም።»

«አልታመሙም?»

«አልታመምሁም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የሰው።»

«እኔ ልጅዎ አይደለሁም?»

«ነሽ። ደብዳቤው ላይ ግን ያንቺ ስም የለም።»

ጭቃውን በጥፍሯ ፋቀች። «ፈርቼ እኮ ነው ያነበብሁት።»

«አውቃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ዐይንሽ ላይ ወደቀ፤ አልከስሽም። በሁለተኛው ቀንስ? ክፍሌ ከክፍልሽ አምስት እርምጃ ነው። አንኳኩቶ 'አባባ ምን ሆኑ?' ማለት አይቀልም ነበር?»

«ብጠይቅዎት ይነግሩኝ ነበር?»

«አልነግርሽም።»

«ታዲያ!»

«አልነግርሽም ብዬ ፊት ለፊትሽ እናገር ነበር። ያ መልስ አይደለም?»

ሳትወድ በግዷ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ደረጀ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አራት ቦታ ቀዳደደው። ተራ ቁጥሩ ሳይቀር።

በማግስቱ ሰብለ ስልኬን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የእሷን አካውንት አወጣችልኝ፤ በስሜ አዲስ ከፈተችልኝ። አሁን አስረድታ ነው የሠራችው፤ «ምንም እንዳይነኩ» የለም። ሲንኩን ካበራሁት ስልኬ ላይ የጀመርሁትን በትልቁ ኮምፒውተር ላይ፣ ይህ ደካማ ዐይኔ በሚችለው ፊደል፣ አገኘዋለሁ። ስልኬ ጣና ውስጥ ቢወድቅ ገጾቼ አብረው አይሰጥሙም። ግን የተከማቸ ነገር ቁልፉ ላለው ሁሉ ይታያል። ካጠፋሁት እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቀራል፤ ስልኩ ከጠፋም አብሮ ይጠፋል። «ይምረጡ» አለችኝ።

ለጉማሬውና ለቅባቱ አብሪው አልኋት። ሰው ያስያዘኝን ነገር ግን ታሪክ በማይዘው ገጽ እከፍተዋለሁ፤ አንብቤም እዘጋዋለሁ። እሱም ቢሆን ከቤት ሰው ዐይን ነው እንጂ ከሁሉም እንደማይሰውር አልደበቀችኝም። ከዚያ የምሥጢር ቃሌን ልጻፍ ስል ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ስልኩን በያዘችበት እጇም የመስታወቱን ግራ ጎን በአውራ ጣቷ ሸፈነች። ይህንን አስተምሬያት አላውቅም። የምሥጢር ቃሉን በሳምንቱ ረሳሁት፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ጠዋት ስወጣ የት እንደምሄድ በአፌ እነግራታለሁ። ያን ጊዜ ሳላውቅ ከታየብኝ ይልቅ ዛሬ ወድጄ የምነግራት ይበዛል። እናንተም ልጆቻችሁ ስልክ ሲሰጧችሁ መርቁ፣ ሳሙ፤ ከዚያ «በማን ስም ነው የተከፈተው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢቆጡም ጠይቁ። ልጆች ደግሞ፣ ፍቅር ቁልፍ አይደለም፤ ፍቅር በር ያንኳኳል። የምደብቀው የለኝም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወዳጅ አታድርጉት፤ ማንም ምንም አላስያዘውም ማለት ነው።

ሠርጉ ተሠርጓል። ያቺ ሴት እስክስታውን ወርዳበታለች፤ እኔም ትከሻዬ የቻለውን አድርጌአለሁ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ገባች፤ ድናለችም። ለምራቷ ከመልሱ በኋላ ራሷ ነገረቻት፤ ዛሬ ቀጠሮዋን የምታደርሳት ምራቷ ናት። ይህን ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቃት፣ «ጻፍ፤ ግን አታወፍረኝ» ብላኛለች።

አንጓችን ፍለጋ ቁንዝላ የምትወርዱ ካላችሁ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እንዲህ የምትባል ሴት አታገኙም። ስሟ ይህ አይደለም፤ የምትሸጠውም ዓሣ ላይሆን ይችላል፤ ጀልባዋም ከሌላ ዳር ትነሣ ይሆናል። የገዛ ልጄን ቆጋ የላክሁ ሰውዬ፣ እናንተን ቁንዝላ መላክ የሚያቅተኝ መሰላችሁ?